ልማደኛው ጀርም

እኔ ቁጡ ሴት ነኝ። ኋላ ከሰው ከምትሰሙት ቀድሜ ብናገረው ይሻላል። ነርስ ነኝ፤ የምሠራው በሰሜን ተራሮች ግርጌ ካሉ ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ የቤታችንን ጉድ ላወራ ስለሆነ ባልደረቦቼ ይቀየሙኛል። ሕመምተኛው ሁሉ ፊት ለፊት «ሲስተር» ይለኛል፤ ከኋላዬ ደግሞ «ያቺ ኃይለኛዋ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ቢሉኝም እውነታቸውን ነው። የሕመምተኛ አልጋ ላይ ዘፍ ብሎ የሚቀመጥ ጠያቂ ሳይ ደሜ ይፈላል።

አንድ ዓመት ክረምት ሊወጣ ሲል አንድ የቅኔ መምህር በቃሬዛ መጡልን። ከደረስጌ ወዲህ ካለች አንዲት ደብር ናቸው። ከተዝካር ሲመለሱ በቅሏቸውን ጭቃ አዳለጣትና ይዛቸው ወደቀች፤ የቀኝ እግራቸው አጥንት ከጉልበታቸው ዝቅ ብሎ ተሰብሮ ቆዳቸውን ቀዶ ወጣ። ተማሪዎቻቸው እየተፈራረቁ ተሸክመው መኪና መንገድ ድረስ አወጧቸው፤ ከዚያ እህል በጫነ አይሱዙ እኛ ዘንድ ደረሱ። እንዲህ ያለ መምህር በስሙ አይጠራም፤ «የኔታ» ነው የሚባለው። እኛም ከሐኪሙ እስከ ጥበቃው የኔታ አልናቸው።

ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ሆነ። ከማደንዘዣው ሲነቁ ውኃ አልጠየቁም፣ ባለቤታቸው የት እንዳሉም አልጠየቁም።

«ልጄ፣ ለኅዳር ጽዮን እቆማለሁ?» አሉኝ።

መቆም ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ደብራቸው የምታነግሠው በኅዳር ጽዮን ነው፤ ሌሊቱን በማኅሌት፣ በነጋታውም ታቦቱ ሲወጣ በወረብ። ወረብ ቁጭ ብለው የሚያዜሙት ነገር አይደለም። መቋሚያ ይዞ፣ በከበሮው ልክ እየረገጡ፣ ወደፊትና ወደኋላ እያሉ ነው። ያን ሁሉ ሰው የሚመሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ሁለት እግር ይፈልጋል።

«ለዘንድሮው ይደርሳሉ ብዬ አልዋሽዎትም፣ የኔታ። ለሚመጣው ግን ይቆማሉ» አልኳቸው።

«እንግዲያ አንቺን ነው የምጠይቅ» ብለው ዓይናቸውን ከደኑ። ምን በወጣኝ አፌን ከፈትኩ ብዬ ራሴን ረገምኩ።

ከዚያ ጠያቂው ጎረፈ። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ሳይጠይቁ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም፤ «ታምሜ ሳይጠይቀኝ ቀረ» ተብሎ ዕድሜ ልክ ይያዛል። ገበሬውም፣ ቄሱም፣ የሰፈር ሴቱም መጣ። የቅኔ ተማሪዎቹ ግን ባሱ። ተማሪ መምህሩን ሲያገኝ ጉልበት ይስማል፤ ወጉ ነው። የኔታ ጉልበት ላይ ፋሻ ተጠምጥሟል፤ ልጆቹ እቴ! ፋሻውን ሳሙት። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይጎነበሳል።

«ኧረ በማርያም! ግራው ምን አደረጋችሁ? ግራውን ሳሙ!» ብዬ ጮህኩ።

አንድ ጢም ያበቀለ ተማሪ ቀና ብሎ በትሕትና፣ «ሲስተር፣ ቀኙ ይቀድማል» አለኝ።

እሱን ጨርሰው ደግሞ ሌላውን ሕመምተኛ ዘለው መሄድ ነውር መሰላቸው፤ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ይላሉ፣ እጅ ይጨብጣሉ፣ የወደቀ ብርድ ልብስ ያነሣሉ፣ የተጣመመ ትራስ ያቀናሉ። ክፉ ቢሆኑ በቀላሉ አባርራቸው ነበር። እኔን ያበሳጨኝ መልካምነታቸው ነው።

ብዙም ሳይቆይ የኔታን አተኮሳቸው። ፋሻውን ስፈታው መግል ይዟል፤ ወደ አረንጓዴ የሚወስደው፣ ሽታውም ልዩ ነው። የምንሰጣቸው መርፌ ጠንካራ የምንለው ነበር፤ ምንም አላደረገውም። ከአጠገባቸው የተኛው ቡአ የተሠራለት የዳባት ገበሬ ድኖ ሊወጣ ሲል ቁስሉ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለችው፣ ትርፍ አንጀት የወጣላት የድብ ባሕር ሴት። ያው መግል፣ ያው ሽታ። ይህ ከደጅ የመጣ ሳይሆን እዚሁ እኛ ክፍል ውስጥ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄድ ነገር ነው። በጠያቂው እጅ ብቻ ነው ብዬም አልምልም፤ ውኃ በጠፋ ቀን የእኛም እጅ ያው ነው።

ሐኪማችን ከአዲስ አበባ የመጣ ለጋ ልጅ ነው፤ ደግ፣ ሥራ ወዳድ፣ ግማሽ ንግግሩ እንግሊዝኛ። «ካልቸር እናሠራ» አለ። መግሉ የትኛውን መድኃኒት እንደሚፈራ በላቦራቶሪ ይታይ ማለቱ ነው። የሚታየው ጎንደር ስለሆነ ናሙናዎቹን በበረዶ ሣጥን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኮሶዬ ላይ አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጭኔ ላይ ያለውን ሣጥን አይተው፣ «ቅቤ ነው? በስንት ገዛሽው?» አሉኝ።

«መግል ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

እስከ ጎንደር ድረስ ከኋላ ወንበር አጠገብ ጎንበስ ብለው ቆመው ሄዱ። የቀረውን መንገድ ለብቻዬ ተንሰራፍቼ ተቀመጥኩ፤ እንዲህ ተመችቶኝ ሄጄ አላውቅም።

ውጤቱ የመጣ ዕለት እኔ ማዶ ክፍል ፋሻ እየቀየርኩ ነበር። ዶክተሩ የኔታንና ባለቤታቸውን ዘመዶቻቸው ባሉበት ሊያስረዳ ገባ። በሥልጠናም፣ በሬዲዮም፣ በግድግዳ ላይ ወረቀትም የምንለው «መድኃኒት የተላመደ ጀርም» ነው፤ እሱም እንደዚያው አለ። «መድኃኒቱን ተላምዶታል። እስካሁን የሰጠናችሁን ሁሉ ተላምዷል» ብሎ ሳይጨርስ ለድንገተኛ ተጠርቶ ሮጠ።

ወዲያው እልልታ ሰማሁ። መቀሱን ጥዬ ሄድኩ። የየኔታ ባለቤት እጃቸውን ዘርግተው እልል ይላሉ፤ የዳባቱ ገበሬም ከአልጋው ሆኖ «እሰይ! እሰይ!» ይላል።

«ምነው? ምን ተገኘ?»

«ተላመደ! ሲስተር፣ መድኃኒቱ ተላመደ አለን ዶክተሩ!»

ለካስ እነሱ የሰሙት ሌላ ነው። በእኛ አገር ተላመደ የሚባለው መቼ ነው? ሁለት በሬዎች ቀንበር ሥር ሲዋጉ ሰንብተው አብረው ማረስ ሲጀምሩ ተላመዱ ይባላል። ሙሽራ ከአማቷ ጋር ስትግባባ ተላመዱ ይባላል። መድኃኒቱና የየኔታ እግርም ሲጣሉ ከርመው ታረቁ ማለት ነው! እውነቱን ልነግር አፌን ስከፍት ባለቤታቸው አንገቴን አንቀው ጉንጬን ሳሙኝ፤ እንባቸው ጉንጬ ላይ ቀረ። አንጀቴን በሉት። እሱው ይንገራቸው ብዬ ዶክተሩን ፍለጋ ወጣሁ።

ዶክተሩ ቀዶ ጥገና ገብቶ አመሸ። ወሬው ግን በስልክ ደብሩ ደርሶ ኖሯል። በነጋታው ጠዋት አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው መጣ፤ ድፎ ዳቦ ይዘዋል፣ አረቄም ደብቀዋል፤ ከበሮ ደግሞ! ከበሮ! ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ! ፋሻው ተሳመ፣ ዳቦው ተቆርሶ በእጅ ለየሕመምተኛው ታደለ። «ውጡ! አሁኑኑ ውጡ!» እያልኩ ጮህኩ። አንዲት ሴትዮ ለጓደኛዋ፣ «ደስታው ነው እንዲህ የሚያደርጋት» ስትል ሰማኋት። በመጨረሻ ጥበቃውም፣ ዶክተሩም፣ እኔም በጩኸቴ ተባብረን አስወጣናቸው።

ከዚያ የኔታና ባለቤታቸው ዘንድ ገብቼ ቁጭ አልኩ።

«የኔታ፣ የተላመደው መድኃኒቱና እግርዎ አይደለም። ጀርሙ ነው መድኃኒቱን የለመደው። እንግዲህ አይፈራውም።»

ባለቤታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«እግሬስ?»

«አንድ መድኃኒት ቀርቷል፤ ከጎንደር እየመጣ ነው። እሱን ከፈራ እግርዎ ይተርፋል።»

«ካልፈራስ?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ነፍስዎን ለማትረፍ ይቆረጣል» አልኩና እኔው ቀድሜ አለቀስኩ። ቁጡ ሰው ሲያለቅስ አያምርበትም፤ ንፍጤን በጋውኔ ጠረግሁ።

የኔታ አዩኝ። ቆይተው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው ለካ!

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰምና ወርቅ ሳስተምር ኖሬ! ሰሙን ታቅፌ አገር እልል አስባልኩ፤ ወርቁ እዚህ እግሬ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይስቅብኛል!» አሉ። ባለቤታቸውም ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ የኔታ ድንገት ተቆጡ፤ የቅኔ መምህር ቁጣ አየሁ። «ቃሉም ጥፋተኛ ነው! ተላመደ የፍቅር ቃል ነው። ለዚህ ለሰላቢ ማን ሰጠው? ይኼ ልማደኛ ነው። ልማደኛ በሉት!»

«ልማደኛ ምን ልዩነት አለው?» አልኳቸው።

«እንዴት የለው? እኛ ገብሳችን ላይ ለዝንጀሮ ብለን አሮጌ ካፖርት በእንጨት ሰቅለን ነበር። መጀመሪያ ሲያየው ፈረጠጠ። ውሎ ሲያድር ካፖርቱ ሥር ተቀምጦ እሸቱን ይሸለቅቅ ጀመር። ልማደኛ ማለት እሱ ነው።»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?»

«ምን እናደርጋለን? ካፖርቱን ተማምኖ መተኛት ቀረ። እኛው ቆመን ጠበቅን።»

በሥልጠና ስንት ሰዓት ተቀምጬ የሰማሁትን ነገር ለሕዝብ እንዴት እንደምናገረው ያን ዕለት አወቅሁ። ቁስላቸው የተበከለውን ሁሉ አንድ ክፍል አድርገን በሩን ዘጋን። ማንም መጥቶ ለምን ሲል «ልማደኛ ገብቶብናል» እንለዋለን፤ ወዲያው ይገባዋል፤ ከበሩም ሸሸት ይላል። የዳባቱ ገበሬ የራሱን ቁስል እያሳየ፣ «እኔም ጋ ገብቷል ይኼ ልማደኛ» እያለ ለሚስቱ በመስኮት ያስረዳ ነበር። የኔታ ደግሞ አዋጅ አወጡ፦ ጉልበታቸውን የሳመ ተማሪ ቅኔው አይሰማለትም። ከዚያ ወዲህ አንድም ልጅ አልተጎነበሰም።

እጅ መታጠቡ ግን አስቸገረን። ለማስታመም መግባት ግድ የሆነባቸውን ሰዎች «ታጠቡ» ስል ፊታቸው ይለዋወጣል። አንድ ቄስማ «እጃችን ምን ሆነ? ጠዋት የቀደስንበት እኮ ነው» ብለው ተቀየሙኝ። ይቅርታ ብላቸውም ቁጣቸው አልበረደም። ይህን ያዩት የየኔታ ባለቤት ነገሩን እኔ ልያዘው አሉ። ማንቆርቆሪያና መታጠቢያ ሳህን ይዘው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። እሳቸውን የሚያህሉ ሴት ዝቅ ብለው ውኃ ሲያፈሱ እምቢ የሚል ማን አለ? «ኧረ እኔ ላስታጥብዎት!» «ኧረ ተዉ፣ በሞቴ!» እየተባባሉ ሁሉም እስከ ክንዱ ታጠበ። ቄሱም ታጠቡ። እኔ በደስታ ልፈነዳ!

አንድ ነገር ረስተን ነበር። ውኃ ያስታጠቡት ሰው ምን ይጠብቃል? ታጥበው ገብተው፣ እጃቸውን ምንም ሳያስነኩ ወደ ላይ እንደያዙ ቁጭ አሉ። ቆይቼ ስመለስ አሁንም እንደዚያው ናቸው። «ምን ሆናችሁ?» ስላቸው ይተያያሉ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ማዕዱ እስኪቀርብ ነው» አሉ። ወይ ጉድ! ዶክተሩ ግድግዳ ተደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ባለቤታቸው ለሚወጣው ጠያቂ ግቢው ውስጥ ቆሎ ያድሉ ጀመር፤ ሰው እንዳይቀየም።

ጠያቂው ሁሉ ከመስኮቱ ውጭ ቀረ። ተማሪዎቹ ከባሕር ዛፉ ሥር ተሰልፈው ቅኔያቸውን እየጮኹ ለየኔታ ይነግራሉ፤ የኔታ ትራስ ተደግፈው ይሰማሉ፤ ሲበላሽ በመቋሚያቸው የአልጋውን ብረት ቋ ያደርጋሉ፣ ሲያምር «ይበል! ይበል!» ይላሉ። የዳባቱ ገበሬ ግእዝ አይሰማም፤ ግን ቋ ሲል «ተሳሳተ!» ይላል፣ ይበል ሲባል እሱም ይበል ይላል። የድብ ባሕሯ ሴትዮ ስትስቅ ሆዷን ደግፋ፣ «ቁስሌን ልትከፍቱብኝ ነው!» ትላለች። መርፌ ይዤ ስገባ ሥራዬን ረስቼ የምቆምበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለ ዋርድ በሕይወቴ አላየሁም፤ ደስ ይል ነበር።

የቀረው መድኃኒት መጥቶ ተጀመረ። ኩላሊት ይጎዳል እየተባለ በጥንቃቄ ነው የምንሰጠው። መጀመሪያ ገበሬው፣ ከዚያ ሴትዮዋ ተሻላቸው። የየኔታ ግን አጥንት ድረስ ገብቶ ስለነበር አስቸገረ። ትኩሳቱ ወረድ ይልና ደግሞ ይነሣል። ዶክተሩ ወደ ጎንደር ደውሎ ተማከረ፤ ሰኞ ፋሻው ተፈትቶ መግሉ ካለ እግሩ እንዲቆረጥ ተወሰነ። የኔታ ሲነገራቸው፣ «ያዘዘው ይሁን» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ያን ዕለትና በማግሥቱ ለማንም ቅኔ አልሰሙም። ተማሪዎቹ ቅኔያቸውን እንደያዙ ከዛፉ ሥር ቆመው ዋሉ።

ሰኞ ጠዋት ፋሻውን የምፈታው እኔ ነበርኩ። ቁስሉ ላይ የተጣበቀውን የመጨረሻ ጨርቅ በጨው ውኃ አርሼ ሳብኩት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አሸተትኩ። ደግሜ አሸተትኩ። ሽታ የለም። መግል የለም። ከሥር ቀይ፣ ንጹሕ፣ የሚያድግ ሥጋ።

እልልታዬን ለቀቅሁት። ዶክተሩ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ ገባ።

«አልለመደውም!» አልኩት። «ዶክተር፣ ይኼኛውን አልለመደውም!»

የኔታ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ባለቤታቸው እጄን በጓንቴ ላይ ይዘው ሊስሙ ሲሉ «እማማ፣ ጓንቱን!» ብዬ ጮህኩ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ አልተውኩም። ከመስኮቱ ውጭ ያሉት ወሬውን ሲሰሙ ቆብ ወደ ላይ ወረወሩ። ክፍሉን ከጣሪያው እስከ አልጋው እግር በበረኪና አጠብነው፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ክፍል ያ ሽታ አልተመለሰም። ዶክተሩም እስከ ዛሬ «ተላመደ» ማለቱን ትቶ ልማደኛ ይላል።

የዚያን ዓመት ኅዳር ጽዮን የኔታ ቤታቸው ተኝተው አለፈ። በክራንች፣ ቀጥሎም በመቋሚያ መሄድ ጀመሩ። በዓመቱ ንግሡ ሲደርስ «መጥተሽ እዪ» ብለው ላኩብኝ። ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ።

ታቦቱ ወጣ። ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽላቸውን ይዘው በሁለት ረድፍ ቆሙ፤ የኔታ ከመካከል ናቸው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከዳር ሆኜ ነጠላዬን አጥብቄ ይዣለሁ። ከበሮው ተመታ። የኔታ በግራ እግራቸው ረገጡ። ቀኙ ግን ዘገየ። ያ እግር ሲድን አጠር ብሎ ነው የዳነው፤ መሬት እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ከምቱ ወጡ፣ አለቀልን፣ በሰው ፊት ተዋረዱ ብዬ ነጠላዬን ነከስኩ።

ከዚያ ረድፉን አየሁ። ማንም አልቀደማቸውም። ከበሮ መቺው እጁን አየር ላይ ይዞ ይጠብቃል። በግራም በቀኝም ያለው ሊቅና ተማሪ ሁሉ ቀኝ እግሩን ትንሽ አንሥቶ ቆሟል። የየኔታ እግር መሬት ሲነካ ሁሉም አንድ ላይ ረገጡ። ደግመው በግራ፤ ደግመው ጠበቁ፤ ደግመው ረገጡ። ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ሲያጠኑት ከርመው ኖሯል፤ ደብሩ ሁሉ አብሯቸው ያነክሳል። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ እልልም አልኩ፤ አጠገቤ ያሉት ሴቶች ተከተሉኝ።

ከሌላ አገር የመጡ አንድ እንግዳ ሊቅ ይህን ወረብ ግራ ተጋብተው ሲያዩ ቆይተው፣ በረድፉ ጫፍ የቆሙትን ሽማግሌ ደብተራ፣ «ይህ አቋቋም የየት ነው? እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌው ዞር ብለው እንኳ ሳያዩአቸው፣ «የእኛው የደብራችን ነው፤ ከጥንትም እንዲሁ ነው» አሉና ቀኝ እግራቸውን አንሥተው የኔታን ጠበቁ።